የጋሪው የማለዳ ቀጠሮ

ጋሪው በየቀኑ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ወንበር ስቦ ከቤቱ በር ፊት ለፊት ይቀመጣል። እስከ አንድ ሰዓት ድረስ ከዚያች ወንበር ንቅንቅ የለም። ሻዩን እንኳ እናቱ ናት እዚያው ድረስ የምታመጣለት። ሬዲዮ አይከፍትም፤ የበሩ ደወል እንዳያመልጠው ይፈራል። ደወሉንም አያምነውም፤ በሳምንት ሁለቴ ደጅ ወጥቶ ራሱ እየደወለ ይፈትሸዋል። ጡረተኛው ጎረቤቱ አንድ ቀን የገዛ ቤቱን በር ሲደውል አይተውት፣ «ማንን ፈልገህ ነው?» ብለው ቀለዱበት። እሱ ግን ለመሳቅም ጊዜ አልነበረውም፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ነበር የቀረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በብስክሌት የሚተዳደር ተወዳዳሪ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ሰዓትና አንድ ቦታ መርጦ በስልኩ አስቀድሞ ያስመዘግባል። በዚያች ሰዓት አበረታች መድኃኒት የሚቆጣጠረው የፀረ ዶፒንግ መሥሪያ ቤት ሰው ሳይታሰብ ከች ይልና ሽንት ወይም ደም ወስዶ ይሄዳል። ሲፈልግ ሦስት ወር ሙሉ ይጠፋል፤ ሲፈልግ በአንድ ሳምንት ሁለቴ ይመጣል። መጥቶ ተወዳዳሪውን ካጣው አንድ ጥፋት ይጻፋል። በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጥፋት የተጻፈበት ሰው ደግሞ መድኃኒቱን ሲወስድ እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ይቆጠራል፤ ሁለት ዓመት ይታገዳል። ጋሪው ሁለት ተጽፎበታል። የመጀመሪያው ጥፋት ዓመት ሞልቶት እስኪሰረዝ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ዕድሜው ሠላሳ አራት ነው፤ ሁለት ዓመት የሚታገድበት ዕድሜ አይደለም።

እናቱ ይህን ሁሉ ሲያስረዳት፣ «ሰው እንዴት ለሽንቱ ቀጠሮ ይይዛል?» ብላ ፊቷን አዙራ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች። ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከልጇ ጋር ነው የምትኖረው፤ መኪናዋን ከመግቢያው ክፍል መስኮት ሥር አስቀምጣ፣ የሰፈሩን ሱሪ ስታሳጥር፣ የሰፈሩን ቀሚስ ስታሰፋ ትውላለች።

«ጋሪው» ብለው ስም ያወጡለት የቡድን ጓደኞቹ ናቸው። ሥራው ዕቃ ማመላለስ ነዋ! ከኋላ ከምትከተለው መኪና ዘጠኝ ኮዳ ውሃ ይቀበልና ሦስቱን ጀርባው ኪስ፣ ሁለቱን ብስክሌቱ ላይ፣ የቀሩትን በማልያው ውስጥ ከደረቱና ከጀርባው ጎስሮ፣ ግመል መስሎ፣ ለፊተኞቹ ያደርሳል። ዳገቱ ሲጀመር ለቡድኑ ኮከብ ነፋሱን ይጋርድለታል። ከዚያ ሳንባው አልችልም ሲል ወደ ኋላ ይቀርና መቶ ሃያኛ ሆኖ ይገባል። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ውድድር አላሸነፈም። ይህ ግን አያሳፍረውም፤ እንዲያውም ኮከቡ ዋንጫ ሲያነሣ፣ «የጠጣው የኔን ውሃ ነው» እያለ ደረቱን ይነፋል።

የሚያሳፍረው ሌላ ነው። በሃያ ሦስት ዓመቱ የዚያን ጊዜው ቡድን ሐኪም «ቫይታሚን ነው» ብሎ መርፌ ወጋው። በሁለተኛው ጊዜ ሐኪሙ ቫይታሚን ነው አላለም፤ እሱም አልጠየቀም። ማንም በግድ አልወጋውም፤ ይህን ጋሪው ራሱም አይክድም። ዓመት ከመንፈቅ ዳገቱ ሜዳ ሆኖለት ሰነበተ። በዚያ ጊዜ ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ተመርምሮ አሥራ አንዱንም ጊዜ ንጹሕ ተባለ። የተያዘው በምርመራ አይደለም፤ ፖሊስ የሐኪሙን ማቀዝቀዣ ሲፈትሽ የሱ ስም የተጻፈበት ጠርሙስ አገኘ። ጋሪው ሲጠየቅ አመነ፣ ሁለት ዓመት ታገደ፣ ዕቃ ቤት ውስጥ ቁም ሣጥንና አልጋ ሲሸከም ከረመ። ልጆች በመንገድ ሲያዩት «መርፌው! መርፌው!» እያሉ ይሮጡ ነበር። ጋዜጠኛ በሩ ላይ ሲሰለፍ እናቱ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ «የለም። ወጥቷል» ትላቸው ነበር፤ እሱ ከኋላዋ አልጋ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ።

ከእገዳው ሲመለስ ለራሱ ማለ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን የማያውቀውን ነገር በአፉ አላዞረም። ሳል ሲይዘው ሽሮፕ አይጠጣም፤ ራሱን ሲያመው ጥርሱን ነክሶ ይውላል። ሻይ ሲቀርብለት እንኳ፣ «እማ፣ ምን ጨመርሽበት?» ይላታል። «መርዝ» ትለዋለች፤ ከዚያ ዝንጅብሉን ታሳየዋለች። እንዲህ ሆኖ ስምንት ዓመት ኖረ። ስሙ ግን አብሮት አልጸዳም፤ ሰው አንድ ጊዜ የሰማውን ይዞ ቀርቷል።

ሁለቱ ጥፋቶች የተጻፉበትም በዚሁ ጥንቃቄው መሐል ነው። የመጀመሪያው የራሱ ጥፋት ነው፤ ለውድድር ሆቴል ሲገባ አድራሻውን መቀየር ረሳ። ሁለተኛው ግን ግራ የሚያጋባ ነው። ያን ቀን ማለዳ ቤቱ ነበር። ከጓዳ ባለው ክፍል ውስጥ፣ ባለበት በሚሽከረከር የልምምድ ብስክሌት ላይ ላቡን እያንጠፈጠፈ ነበር። በሳምንቱ «በተመዘገበው ቦታ አልተገኙም» የሚል ደብዳቤ ደረሰው። ደወሉን ሳልሰማው ቀርቼ ነው ብሎ ራሱን ወቀሰ። ለቡድኑ አለቃ ደውሎ፣ ልከራከር ወይ ሲለው፣ አለቃው፣ «ሌላ ሰው ቢሆን ይከራከር ነበር። አንተ ስምህ የት እንዳለ ታውቃለህ፤ ዝም በል» አለው። ትንሽ ቆየና፣ «ሦስተኛ ከተጻፈብህ ደግሞ ለኔ አትደውል» ብሎ ዘጋው። ወንበሩ ከበሩ ፊት የተተከለው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

ዘጠኝ ቀን ሲቀረው እንግዲህ ትኩሳት ያዘው። ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ወንበሩ ላይ ጉብ አለ። እናቱ መጥታ ግንባሩን ዳሰሰችው።

«እሳት ሆነሃል እኮ! ተነሥ፣ ሂድ ተኛ። እኔ እቀመጥልሃለሁ።»

«አይሆንም እማ። ከመጣ ወዲያው መውጣት አለብኝ።»

«ከመጣ እጠራሃለሁ። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ሠርግ ልብስ በቀኑ ያደረስኩ ሴትዮ፣ አንድ ሰውዬ ያመልጠኛል?»

በዓለም ላይ የሚያምነው አንድ ሰው ቢኖር እሷ ናት። ተነሣ፤ ሽንት ቤት ገባ፣ ወጣና ጓዳ ሄዶ ተኛ። ልክ ጋደም እንዳለ እንቅልፍ ድብን አድርጎ ወሰደው።

ሲነቃ ላብ በላብ ሆኗል። ስልኩን አየ፤ አሥራ ሁለት ከሠላሳ ስምንት ይላል። ተመስገን፣ ዛሬም አልመጡም ብሎ ፊቱን ሊያዞር ሲል ከበሩ በኩል ድምፅ ሰማ። ጆሮው ቆመ።

«እናቴ፣ ደግሜ እንድጠይቅዎ ሕጉ ያስገድደኛል» ይላል የወንድ ድምፅ። «ቤት ውስጥ የለም?»

«የለም አልኩህ እኮ የኔ ልጅ። ትናንት እንደወጣ አልገባም። የት እንደሚሄድ ለኔ መቼ ይነግረኛል?»

«እንደ ባለፈው ማለት ነው» አለ ሰውዬው።

ጋሪው እንዴት ከአልጋው እንደወረደ አያውቅም። በባዶ እግሩ፣ በውስጥ ልብሱ፣ «አለሁ! አለሁ! እዚህ ነኝ!» እያለ በኮሪደሩ ሲበር የእግሩ ጣት ከስፌት መኪናው ብረት ጋር ተላተመ። በሩ ገርበብ ብሏል። ውጪ አንድ መነጽር ያደረገ ሰው፣ በትከሻው ቦርሳ፣ በእጁ በግማሽ የተሞላ ቅጽ ይዞ ቆሟል። እናቱ በሩን ይዛ መንገዱን ዘግታለች። ልጇን ስታይ ደም ከፊቷ ጠፋ።

መርማሪው ሰዓቱን አየ። «አሥራ ሁለት ከአርባ አንድ» አለ። «ከአሥራ ሁለት ከአምስት ጀምሮ እዚህ ነኝ። አሁን ለሦስተኛ ጊዜ ነው የማንኳኳው።»

«ሰዓቱ አላለፈም አይደል? አላለፈም!»

«አላለፈም። ይግቡና ልብስ ይልበሱ፤ ከዓይኔ እንዳይርቁ ግን።» ከዚያ ወደ እናቱ ዞረ። «እርስዎ ለምን የለም እንዳሉኝ መጻፍ ይኖርብኛል።»

«ጋዜጠኛ መስለኸኝ ነው» አለች፣ ዓይኗን ከወለሉ ሳትነቅል። የሰውዬው የመሥሪያ ቤት መታወቂያ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ቢሆንም ጻፈው።

ከዚህ በኋላ ጉድ ፈላ፤ ሽንት አልመጣም። ከመተኛቱ በፊት ደፍቶት፣ የቀረውን ደግሞ ትኩሳቱ በላብ ጨርሶታል። የሚያስፈልገው ዘጠና ሚሊ ሊትር ነው። ሦስቱም በመግቢያው ክፍል ተቀመጡ፤ ጋሪው ወንበሩ ላይ፣ መርማሪው ሶፋው ላይ፣ እናቱ መኪናዋ ጋ። ጋሪው ውሃ ይጠጣል፤ መርማሪው ያየዋል። እጁ እየተንቀጠቀጠ ብርጭቆው ከጥርሱ ጋር ይጋጫል። ይህን መንቀጥቀጥ እንዴት ይተረጉመው ይሆን? ላቤንስ? እያለ በሆዱ ይንጫጫል።

«ሰሞኑን የወሰዱት መድኃኒት አለ?» ሲል መርማሪው ጠየቀ።

«ምንም።»

«ለትኩሳቱም?»

«ምንም አልወሰድኩም።»

የሰውዬው ቅንድብ ትንሽ ከፍ አለና ወረደ። ጋሪው እውነቱን ተናግሮ እንደ ውሸታም ፊቱ ጋለ።

ሌላ የሚያብሰለስለው ነገር ደግሞ አለ። እንደ ባለፈው ብሏል ሰውዬው። ባለፈውም የመጣው እሱ ነው ማለት ነው። ባለፈውም በሩን የከፈተችው እሷ ናት ማለት ነው። እናቱን ሊጠይቃት ይፈልጋል፤ በሰው ፊት እንዴት ብሎ? ዞር ብሎ አያት። ጎንበስ ብላ ትሰፋለች፣ መኪናዋ ያለ ማቋረጥ ይንጣጣል። ልብ ብሎ ሲያይ ግን መርፌው ላይ ክር የለም። ጨርቁ እየተበሳ ብቻ ነው የሚያልፈው።

ከሰዓት ተኩል በኋላ የመጀመሪያው ሙከራ ተደረገ። ማልያውን እስከ ደረቱ ሰብስቦ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ አውርዶ፣ ሰውዬው ዓይኑን ሳይነቅል ከጎኑ ቆሞ። አርባ ሚሊ። አልበቃም፤ ታሸገ፣ እንደገና ውሃ። ሁለተኛው ሲሞላ ሦስት ሰዓት አልፎ ነበር። መርማሪው ሁለቱን ጠርሙሶች ቆልፎ፣ ቁጥራቸውን አንብቦ አስፈረመውና ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ። «ይማርዎት» ያለውም ከደጅ ሆኖ ነው።

ጋሪው በሩን ዘጋና ጀርባውን አስደገፈበት።

«እማ፣ እውነት ጋዜጠኛ መስሎሽ ነው?»

ጨርቁን አጣጠፈች። «አይደለም።»

«ባለፈውስ? ባለፈውም አንቺ ነሽ የለም ያልሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንዴ! ሊያጠፋኝ የነበረውኮ ያ ነው! ሦስት ጊዜ የለም ከተባልኩ እንደተያዝኩ ነው የሚቆጠረው፤ ነግሬሽ የለም እንዴ?»

«ነግረኸኛል። መጥፋትና መያዝ እንዴት አንድ ይሆናል? በቴሌቪዥን ሲያወሩ ሰምቻለሁ፤ ቀን ካገኘ ከደም ይወጣል ሲሉ። ትንሽ ቀን ባገኝልህ ብዬ ነው።»

ጋሪው መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

«ምኑ ነው ከደሜ የሚወጣው?»

እናቱ ከአንገቷ የማይወርደውን የልኬት ሜትሯን አውልቃ ጣቷ ላይ ጠቀለለችው። «በክረምቱ ቡድኑ የሰጠህን ሱሪ ላስተካክልልህ ስለካህ ጭንህ አራት ሴንቲ ጨምሯል» አለች። «ያኔም አራት ነበር።»

«ያኔ መቼ?»

«ያኔ ነዋ። ፖሊስ ሳይመጣ።»

ለአሥር ዓመት ያህል ጋሪው እናቴ እንደ ሰው ሁሉ ከጋዜጣ ነው የሰማችው ብሎ ያምን ነበር። እሷን አታለልኳት እያለ ነበር የሚብከነከነው።

«ታውቂ ነበር?»

«ሱሪህን የምሰፋው እኔ አይደለሁ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«መች ዝም አልኩ? ጠየቅሁህ እኮ ልጄ። ልምምድ ነው እማ አልከኝ። ምርመራ ባደረጉልህ ቁጥርም ንጹሕ ነኝ ብለህ ወረቀቱን ታሳየኝ ነበር። ወረቀቱን ሳይ ጊዜ እንዴት ብዬ ልጨቃጨቅህ?»

«አሁን ግን እውነት ልምምድ ነው!» ብሎ ጮኸ። «አዲሱ አሠልጣኝ ብረት እያስነሣኝ ነው! በሳምንት ሦስት ቀን! ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

ድምፁን ራሱ ሰማው። በሃያ ሦስት ዓመቱም እንዲሁ ጮኾ፣ እንዲሁ ምሎ ነበር።

እናቱ ተነሥታ መጣችና እጇን ግንባሩ ላይ አኖረች። «እሺ ልጄ» አለች። «ልምምድ ነው። አሁን ተኛ፣ ትኩሳትህ አልወረደም።»

ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ሳምንት ለሁለቱም የጭንቅ ነበር። በአሥረኛው ቀን የመጀመሪያው ጥፋት ተሰርዞ አንድ ብቻ ቀረው። በደስታ ሊዘል የሚገባው ሰውዬ ግን ምንም አልተሰማውም። ትኩሳቱ ለቀቀውና በነጋታው እናቱን ይዟት ብረት ወደሚነሣበት አዳራሽ ሄደ። አዲሱን አሠልጣኝ አስተዋወቃት። አሠልጣኙ ልጅዋ በምን ያህል እንደጀመረና አሁን ስንት ላይ እንደደረሰ አብራራላት። እሷ በትሕትና ሰምታ፣ አንዱን ብረት ለማንሣት ሞክራ፣ «ወይ ጉድ፣ ከባድ ነው» አለችና «እግዜር ይስጥልኝ፣ አደራህን» ብላው ተመለሱ። መንገድ ላይ ጋሪው፣ «አየሽ?» ሲላት፣ «አየሁ» አለችው።

ስልኩ ጮኸ ማለት ግን መርፌውን ጣቷ ላይ ሰካች ማለት ነው። የሰው ልብስ አበላሸች፤ አንዱን እጅጌ ከሌላው አስበልጣ ሰፍታ ባለቤትየዋ ስትመልሰው በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነበር። ምግብ ታቀርብና ራሷ ሳትነካው ታነሣዋለች። እሱም አልቀረለትም። ንጹሕ እንደሆነ እያወቀ፣ ሌሊት የጠጣውን ውሃ ሁሉ እየቆጠረ፣ ዝንጅብሉ ውስጥ ምን ነበረበት እያለ ይገላበጣል። እሷ እንዲህ ስትፈራ እያየ እንዴት አይፈራ?

በሃያ ሁለተኛው ቀን፣ ከልምምድ ተመልሶ ጫማውን ሲፈታ፣ መልእክቱ መጣ። ጣቱ እየተንሸራተተ ከፈተው። ሁለቴ አነበበው። ከዚያ ጮክ ብሎ አነበበላት፦ በተወሰደው ናሙና ላይ በተደረገው ምርመራ ምንም ዓይነት የተከለከለ ነገር አልተገኘም።

መቀሷ ከእጇ ወደቀ። ተነሥታ፣ በላቡና በአቧራው ሳትጸየፍ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። በሕይወቱ እንዲህ ስታለቅስ አይቷት አያውቅም፤ ፖሊስ የመጣ ቀን እንኳ።

«ተመስገን! ተመስገን አምላኬ!» አለች። «አላገኙትም! አላገኙትም ልጄ!»

ጋሪው እቅፏ ውስጥ ድርቅ ብሎ ቀረ። የለማ እማ፣ ስለሌለ ነው ያላገኙት ሊል አፉን ከፈተ። ግን ሌላ ምን ያሳያታል? ወረቀቱን አሳየ፣ ብረቱን አሳየ፣ ማለ። ይህቺ ሴት አሥራ አንድ ወረቀት አይታለች።

ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ዓይኑን እያየች፣ እንባዋ በአገጯ ላይ እየወረደ፣ «ከእንግዲህ ግን በቃህ» አለችው። «ይኸው ዛሬ አምላክ አተረፈህ። ሁለተኛ አይደገምም። ለኔ ስትል። እሺ?»

ሦስት ሳምንት እህል በወጉ ስላልቀመሰች ፊቷ ከስቶ ጉንጭዋ ገብቷል። እንቅልፍ የሚሰጣት አንዲት ቃል ብቻ እንደሆነች አየ።

«እሺ እማ» አላት። «ሁለተኛ አይደገምም።»